ዲስኩ «ፎርማት አድርገኝ» ሲላችሁ

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ከሐይቅ ደሴ ድረስ መጣ። በፌስታል የተጠቀለለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዟል። ውስጡ የስድስት ዓመት ልፋት አለ፤ ከቃሉ እስከ ወረባቦ እየዞረ ከሸኾችና ከእናቶች አፍ በድምፅ መቅጃ የቀዳው መንዙማ። ከቀዳቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሌላ ኮፒ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይል እየገለበጠ ሳለ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንዴ ድርግም አለ። መብራት ሲመለስ ዲስኩን ሰካው። ዊንዶውስ ግን ፎልደሮቹን በማሳየት ፈንታ «ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት ማድረግ አለብህ፣ ላድርገው?» ብሎ ጠየቀው። ደንግጦ ወደ አንድ ኮምፒውተር ቤት ሮጠ። እዚያ ያለው ልጅ «ቀላል ነው፣ ፎርማት እናድርገውና በሶፍትዌር እናወጣዋለን» አለው። ወዳጄ ስለ ኮምፒውተር ብዙም አያውቅም፤ ነገር ግን ሆዱ እሺ አላለውም። ነቅሎ ይዞት መጣ።

«አብሽር» አልኩት። ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰዓት ቀረጻዎቹ አብዛኞቹ፣ ምናልባትም ሁሉም፣ እዚያው ዲስኩ ላይ እንዳሉ እርግጠኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል። የጠፋው መንገዱ ነው። ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ግን እንደዚያ ደፍሬ አልናገርም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያው ጥያቄ በተለያየ መልክ እየመጣብኝ ነው። የተማሪ ውጤት ያለበት ፍላሽ አልከፍት ያላት መምህርት አለች። የሠርግ ቪዲዮ ለሙሽሮቹ ሳያስረክብ ዲስኩ ባዶ ሆኖ የታየው ፎቶ ቤት አለ። ስለዚህ በረጅሙ ልጻፈው ብያለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሰው ፋይሉን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ በተበላሸበት ቅጽበት አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ ተደናግጦ የነካካው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ፓርቲሽን ምን እንደሆነ እንግባባ። አንድ ሰፊ መሬት አስቡ። በድንጋይ ወሰን ተከፋፍሏል፤ ይሄ የአንዱ ማሳ፣ ያ የሌላው። ዲስኩ መሬቱ ነው። ሲ እና ዲ እያልን የምንጠራቸው በወሰን የተለዩት ማሳዎች ናቸው። የትኛው ማሳ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው ጽሑፍ ደግሞ የሚቀመጠው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ በጣም ትንሽ ቦታ ውስጥ ነው። ኤምቢአር በሚባለው የቆየ አሠራር የመጀመሪያው 512 ባይት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ የወሰኑ ሠንጠረዥ የሚይዘው 64 ባይት ብቻ ነው። 64 ባይት ማለት ዛሬ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 21 የአማርኛ ፊደል ያህል ነው፤ አንድ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ። አስቡት፤ 1 ቴራባይት የሚያህል ዲስክ ባዶ መስሎ እንዲታይ የአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ያህል ቦታ መበላሸት ይበቃል።

ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ አሠራር ይሻላል። የሠንጠረዡን አንድ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ቢበላሽ ሁለተኛው ይመሰክራል።

ከወሰኑ ቀጥሎ ሌላ መዝገብ አለ። እያንዳንዱ ማሳ ውስጥ ምን የት እንደተዘራ የሚናገር ነው፤ ፋይል ሲስተም ይባላል። በዊንዶውስ በብዛት የምናገኘው ኤንቲኤፍኤስ፣ ኤምኤፍቲ የሚባል ሠንጠረዥ አለው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ ቀኑ፣ ያለበት ፎልደር፣ ዲስኩ ላይ የተቀመጠባቸው ቦታዎች ሁሉ እዚያ ይጻፋሉ። ዲስክ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ወደዚህ ሠንጠረዥ የሚያመለክተው የፓርቲሽኑ የመጀመሪያ ሴክተር ነው፤ ቡት ሴክተር ይሉታል። የእሱም ቅጂ በፓርቲሽኑ የመጨረሻ ሴክተር ላይ ተቀምጧል። ይህችን ነገር ያዟት፣ ኋላ እንመለስባታለን።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ጉዳት አለ ማለት ነው። አንደኛው የወሰን ድንጋዩ ተነቀለ። ሁለተኛው መዝገቡ ተቀደደ። በሁለቱም እህሉ ማሳው ላይ ቆሟል፤ ባለቤቱን የሚያውቅ ጠፋ እንጂ። ሦስተኛው ማሳው ታርሶ ሌላ ተዘራበት። ይሄኛው አይመለስም። አንድ ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈ አሮጌውን የሚያመጣ ሶፍትዌር የለም፤ የሚያወጣ ነኝ የሚል ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፋይል ዲሌት ስናደርግና ከሪሳይክል ቢን ስናጸዳ የሚሆነውም ሁለተኛውን ዓይነት ይመስላል። ኮምፒውተሩ ፋይሉን አይፍቀውም፤ መዝገቡ ላይ «ይህ ቦታ ነጻ ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ፈጣን ፎርማትም አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል እንጂ ማሳውን በሙሉ አይነካም። ግን አዲሱ መዝገብ ራሱ የሆነ ቦታ ላይ መጻፍ አለበት፤ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ አሮጌው መዝገብ የነበረበት አካባቢ ላይ ነው። «ፎርማት አድርገን እናወጣዋለን» የሚለው አባባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሙሉ ፎርማት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ፓርቲሽኑን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ማውራትም አያስፈልግም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንድ ቃል ላይ ይወድቃል፦ አትጻፉበት። የተበላሸው ዲስክ ላይ አንድም ባይት አትጨምሩ።

ይሄ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ችግሩ፣ ሳናውቀው የሚጽፉ ነገሮች ብዙ ናቸው። ፎርማት ላድርግ ለሚለው ጥያቄ «እሺ» ማለት መጻፍ ነው። አንዳንዴ ዲስኩ ጭራሽ የማይታወቅ ሲሆን ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ ላድርገው» ይላል፤ እሱም አዲስ የወሰን ሠንጠረዥ መጻፍ ነው። የማውጫ ሶፍትዌር አውርዶ እዚያው የተበላሸው ዲስክ ላይ መጫንም እንዲሁ። ያወጡትን ፋይል መልሶ እዚያው ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ አንዱን እያወጣችሁ ሌላውን እየቀበራችሁ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ማንበብ የቻለው ፓርቲሽን ሲሰካለት የራሱን ጥቃቅን ፋይሎች ሊጽፍ ይችላል፤ ስለዚህ «እስቲ አሁን ይከፍት ይሆናል» እያሉ አሥር ጊዜ መሰካትና መንቀል ጥሩ አይደለም።

ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ ሰው መድኃኒት ይመስለዋል። ቼክዲስክ የተሠራው ፋይል ሲስተሙ እርስ በርሱ እንዲስማማ ለማድረግ ነው። የእናንተን ፋይል ማትረፍ ሥራው አይደለም። መዝገቡ ላይ የተጣላ ነገር ሲያገኝ ቆርጦ ይጥለዋል፤ አንዳንዱን ስም የለሽ ቁርጥራጭ አድርጎ አንድ ፎልደር ውስጥ ያጉረዋል። ባክአፕ ላለው ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ሌላ ኮፒ ለሌለው ሰው ግን አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ «ዲስኩን ልፈትሽ» ካለና መቁጠር ከጀመረ፣ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭናችሁ አስቁሙት።

አሁን ወደ ዲስኩ እንመለስ። ምንም ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ጆሯችሁን አስጠጉ። እኔ ወዳጄ የመጣ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ሬዲዮ አጥፍቼ፣ ሌላ ኬብል ቀይሬ፣ ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ሰካሁትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ለስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቀላል ጭር ጭር፣ ከዚያ ጸጥታ። ጤነኛ ድምፅ ነው። የማይፈለገው «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ የሚደጋገመው ነው። ተነስቶ ይሞክራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ይሄ ማለት የማንበቢያው ጭንቅላት ተጎድቷል ወይም ቦታውን ማግኘት አቅቶታል። ጭንቅላቱ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናኖሜትር መሆኑን አስቡና ገምቱት። የተጎዳ ጭንቅላት እየዞረ በቆየ ቁጥር ሳህኑን ይፍቃል። ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ንቀሉ። እዚህ ላይ ሶፍትዌር አይሠራም፣ ጎበዝ የሠፈር ልጅም አይሠራም። አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል የሚከፍት ባለሙያ ነው የሚያስፈልገው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ዲስኩን ቤት ውስጥ መፍታት፣ ፍሪዘር ውስጥ መክተት፣ በመዳፍ መታ መታ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ የቀረውን ተስፋ የሚጨርሱ ናቸው። ፍሪዘር የገባ ዲስክ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

በነገራችን ላይ ያ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ የተለመዱ ሃርድ ዲስኮች የሚሠሩበት ከፍታ ወሰን አለው፤ አብዛኞቹ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ይላሉ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናትና አትስጉ። ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ለፋይሉ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህንም ጭንቅላትም የሌለውን ዲስክ፣ ቢጠቀም ይሻለዋል።

ድምፁ ጤነኛ ከሆነ የዲስኩን የራሱን የጤና መዝገብ እዩ። ስማርት ይባላል፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ብዙ ቁጥር አለ፤ ሁሉንም መረዳት አያስፈልግም። ሦስቱን ብቻ ተመልከቱ፦ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች፣ ለመነበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ ጭራሽ አልነበብ ያሉ ሴክተሮች። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ቁጥሩ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ስለዚህ የቀረውን ዕድሜ ፋይል በመፈለግ አታባክኑት። በቀጥታ ወደ ቅጂው ሂዱ።

ቅጂው። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥት የሚያጣው፤ እኔ ደግሞ የማልደራደረው። የምለው ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ አይደለም፤ ፋይሎቹማ አይታዩም። ዲስኩን ራሱን፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ባዶውንም ሙሉውንም፣ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ማንሳት ነው። ኢሜጅ ይባላል። ከዚያ በኋላ ዋናውን ነቅላችሁ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጡትና የፈለጋችሁትን ሙከራ ቅጂው ላይ ትሠራላችሁ። ብትሳሳቱ እንደገና ማንሳት ነው። ዋናው ላይ ከተሳሳታችሁ ግን በቃ።

ለዚህ እኔ የምጠቀመው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነው። ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ሊኑክስ ላይ ይሠራል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ሊኑክስ መጫን አያስፈልግም፤ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ ማስነሳት ትችላላችሁ። ፕሮግራሙ ካልተገኘ በኢንተርኔት ይጨመራል። የዲዲሬስኪው ብልሃት ገበሬ የሚያውቀው ብልሃት ነው፤ መጀመሪያ ደህናውን ሰብል ያነሳል፣ ቃርሚያውን ኋላ ይመለስበታል። የሚያስቸግር ቦታ ሲያጋጥመው እዚያ ላይ ቆሞ ዲስኩን አያደክምም፤ ዘሎት ያልፋል። ደህናው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ወደ ዘለላቸው ተመልሶ ጠርዝ ጠርዛቸውን ይለቅማል። የደረሰበትን ደግሞ በየጊዜው ማፕ በሚባል ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ፣ ኬብል ቢነቀል፣ በሌላ ቀን ያንኑ ትእዛዝ ስትሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይሄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። ማፑን ግን ፍላሹ ላይ ሳይሆን ሲጠፋ የማይሰረዝ ቦታ፣ መድረሻው ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ ከፍላሽ የተነሳ ኡቡንቱ ሲጠፋ የያዘውን ይረሳል።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። መድረሻው ዲስክ ከተበላሸው የበለጠ ነጻ ቦታ ይኑረው፤ ለ1 ቴራባይት 2 ቴራባይት ብትገዙ አትቸገሩም። መድረሻው ፋት32 በሚባለው የቆየ ፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ አይሆንም፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል መያዝ አይችልም፣ ኢሜጁ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ ምንጭና መድረሻን አለመቀያየር። ባዶውን ዲስክ ምንጭ፣ የተበላሸውን መድረሻ ካደረጋችሁ ፋይላችሁን በባዶ እየሸፈናችሁ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሁለቱን ዲስኮች መጠንና ሞዴል ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ምንጩ ላይ ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ኢንተር ከመምታቴ በፊት ሌላ ሰው ትእዛዙን እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። ያን ዕለት ወዳጄ ነው ያነበበልኝ፤ አንድ በአንድ፣ ጣቱን እስክሪኑ ላይ አድርጎ።

ጊዜው ይረዝማል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2 በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ብታገኙ 1 ቴራባይት ከ9 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከሄደ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። የእኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ ሲነጋ አለቀ። ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ነበር የሠራነው፤ ሌሊት መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ምንም አልሆነም። ጠዋት ቡናው አቦል ላይ እያለ ውጤቱን አየነው። ከመላው ዲስክ ያልተነበበው 4,096 ባይት ብቻ ነው። ያውም የት? ልክ ፓርቲሽኑ የሚጀምርበት ቦታ ላይ። ቡት ሴክተሩ! መብራቱ ሲሄድ እዚያ አካባቢ ተጎድቷል ማለት ነው፤ በዚህች ምክንያት ነው የስድስት ዓመት ሥራ ፎርማት ሊደረግ የነበረው።

አሁን ቴስትዲስክ። ክሪስቶፍ ግርኒየር የሚባል ሰው የሠራው ነጻ ፕሮግራም ነው። መልኩ አያምርም፤ ጥቁር እስክሪን ላይ በቀስት ቁልፍ ነው የሚኬደው። ግን ለተበላሸ ፓርቲሽን ከእሱ የተሻለ ነጻ መሣሪያ አላየሁም። ኢሜጁን ታሳዩታላችሁ፣ የሠንጠረዡን ዓይነት ራሱ ይገምታል፣ «አናላይዝ» ትሉታላችሁ። የወሰን ድንጋዩ የተነቀለ ከሆነ መሬቱን እየዞረ የድሮ ወሰኖችን ዱካ ይፈልጋል። መጀመሪያ «ኩዊክ ሰርች» ነው፤ ካልተገኘ «ዲፐር ሰርች» አለ፣ እሱ ይቆያል። የተገኘ ፓርቲሽን ላይ ቆማችሁ ፒ የሚለውን ፊደል ስትጫኑ በውስጡ ያሉትን ፎልደሮች ይዘረዝራል። ፎልደሮቻችሁን በስማቸው ካያችኋቸው ያ ትክክለኛው ፓርቲሽን ነው። ያኔ እንኳ «ራይት» የሚለውን ለመጫን አትቸኩሉ። ከዚያው ከዝርዝሩ ፋይሎቹን መርጣችሁ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል፤ ይሄ ምንም አይጽፍም።

የእኛ ወሰኑ ደህና ነበር፤ የጠፋው ቡት ሴክተሩ ነው። ስለዚህ «አድቫንስድ» ውስጥ ገብተን «ቡት» አልነው። የመጀመሪያው ቡት ሴክተር መጥፎ፣ ቅጂው ደህና ብሎ ጻፈ። ያቺ በፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ የተቀመጠች ቅጂ ሳትነካ ተርፋለች! «ባክአፕ ቢኤስ» ስንለው መጨረሻ ያለውን ወደ መጀመሪያ ገለበጠው፤ ዋናው ዲስክ ላይ ሳይሆን ኢሜጁ ላይ። ከዚያ ዝርዝሩን ስንከፍት ፎልደሮቹ በየወረዳው ስም ተደርድረው ታዩ። ወዳጄ ሲኒውን ይዞ ቆሞ ቀረ፣ «አልሐምዱሊላህ» ከማለት በቀር ምንም አላለም።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። መዝገቡ ራሱ ሲቀደድ ቴስትዲስክ ፓርቲሽኑን ያገኘውና ፋይሎቹን መዘርዘር ያቅተዋል። ያኔ የሚቀረው የቴስትዲስክ ወንድም ፎቶሬክ ነው። ስሙ ፎቶ ቢልም ዶክመንትም፣ ድምፅም፣ ቪዲዮም ያወጣል። መዝገቡን ጭራሽ ትቶ መሬቱን ስንዝር በስንዝር ይፈትሻል። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት መጀመሪያው ላይ መታወቂያ አለው፤ ለምሳሌ ጄፔግ ፎቶ ሁሉ የሚጀምረው በተመሳሳይ ባይቶች ነው። ፎቶሬክ ያንን እያየ «ይሄ ፎቶ ነው፣ ይሄ ፒዲኤፍ ነው» እያለ ያወጣል። ጉድለቱ የፋይሉን ስምና ፎልደር አለማግኘቱ ነው፤ እነሱ የነበሩት መዝገቡ ውስጥ ነዋ። ሺህ ፋይል በቁጥር ስም ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቴስትዲስክ፣ ካልሆነ ብቻ ፎቶሬክ የምለው።

ሌላም ጉድለት አለው። ፋይል ሁልጊዜ ዲስኩ ላይ አንድ ላይ አይቀመጥም፤ ቦታ ሲጠብ ተቆራርጦ እዚህም እዚያም ይገባል። የት የት እንደገባ የሚያውቀው መዝገቡ ነው። እሱ ከሌለ ፎቶሬክ ተቆራርጦ የተቀመጠን ትልቅ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በትክክል መግጠም አይችልም። ኤምፒ4 ቪዲዮ ደግሞ ማጫወቻው የሚመራበት ማውጫ በራሱ ውስጥ አለው፤ ከካሜራ ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ያ ክፍል ካልተገኘ የቀረው ሙሉ ቢሆንም አይጫወትም። ሠርግ ለሚቀርጹ ሰዎች መራራ ዜና ነው። ኤምፒ3 ግን በጣም ታጋሽ ነው፤ ድምፁ በትንንሽ ቁርጥራጭ የተሠራ ስለሆነና እያንዳንዱ ስለ ራሱ ስለሚናገር፣ መሐሉ ቢጎድል እዚያ ላይ ዘሎ ይቀጥላል። ወዳጄ ከዓመት በፊት በስህተት ዲሌት ያደረጋቸው ሁለት ቀረጻዎች ነበሩ። ፎቶሬክን ኢሜጁ ላይ ለቀቅነው። ከወጡት ቁጥር ብቻ ከያዙ ፋይሎች መሐል አንድ በአንድ እየከፈተ፣ ስም ስለሌላቸው በድምፅ ለያቸው፤ አንዲት እናት ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት ነገር አለ፣ በእሱ።

ኤስኤስዲ ከሆነስ? ሕጉ ይለወጣል። ኤስኤስዲ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ ትሪም የሚባል ትእዛዝ ይልካል፤ ዲስኩም ያን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ በቶሎ ይጠፋል። ፈጣን ፎርማትም በዊንዶውስ ትሪም ስለሚልክ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚተርፈው እዚህ አይተርፍም። የወሰን ሠንጠረዡ ብቻ ከተበላሸ ግን ማንም «አጽዳ» ስላላለው ዕድል አለ፤ አትንኩት፣ ኢሜጅ አንሱ። አንዳንድ አዳዲስ ሃርድ ዲስኮችም ትሪም ይቀበላሉ፤ «ሃርድ ዲስክ ነው፣ ቢሰረዝም ችግር የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ።

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያም አለ። አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ እንኳ ዲስኩን ቆልፈው ሊመጡ ይችላሉ። የመክፈቻው ቁጥር 48 አሃዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ዲስኩ ደህና ሳለ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ያለ እሱ የቱም ባለሙያ አያወጣላችሁም። አንዳንድ ኤክስተርናሎች ደግሞ በውጭ ሽፋናቸው፣ በቤታቸው፣ ውስጥ ያለው ትንሽ ካርድ ዳታውን ስለሚቆልፈው፣ ዲስኩን ከቤቱ አውጥቶ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ትርጉም የሌለው ነገር ብቻ ያሳያል። ከቤቱ ለማውጣት አትቸኩሉ።

ስለ ፍላሽም አንድ ቃል። ገበያ ላይ 1 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ፍላሽ ብዙውን ጊዜ ውሸት ነው። ውስጡ ያለው ቦታ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነኝ እንዲል ተደርጓል። ከእውነተኛው ቦታ በላይ የጻፋችሁት ነገር መጀመሪያውኑ የትም አልተጻፈም። ከእሱ ላይ የሚወጣ ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ራሳችሁ መሥራት ካልፈለጋችሁ ባለሙያ ጋ መሄድ ነውር የለውም፤ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ጥሩ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ዲስኩን ከመስጠታችሁ በፊት ግን «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ኢሜጅ ታነሳለህ ወይስ ዋናው ላይ ነው የምትሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። «የምታወጣውን የት ነው የምታስቀምጠው?» በሉት። መልሱ «ዋናው ላይ» እና «እዚያው» ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ኢሜጁ ሱቁ ውስጥ እንዳይቀርም ተነጋገሩ፤ የቤተሰብ ፎቶ አለበት፣ የባንክ ወረቀት አለበት።

ፋይሎቹ ከወጡ በኋላም ሥራው አላለቀም። ስሙና መጠኑ ትክክል ሆኖ ውስጡ ባዶ የሆነ ፋይል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን አይታችሁ አትመኑ፤ ክፈቱት። ቪዲዮ ከሆነ መሐሉንና መጨረሻውን፣ ዶክመንት ከሆነ የመጨረሻውን ገጽ እዩ። እስከዚያ ድረስ ዋናው ዲስክ ፎርማት አይደረግም፣ ለሌላ ሥራም አይውልም።

ወዳጄ የወጡትን በሁለት ዲስክ ገልብጦ አንዱን እህቱ ጋ ኮምቦልቻ አስቀመጠ። አሮጌውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ «አትንኩ» ብሎ ጻፈበት። ቀረጻዎቹ 252 ናቸው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያንዳንዱን እየሰማ፣ ደህናውን በደብተር ላይ ምልክት ያደርጋል። ትናንት ስደውልለት 212 ደርሶ ነበር።